ኤች ኢንዴክስ፣ ፒኤችዲ እና የገርትሩድ ኤልየን መንገድ፦ ለአንዲት የፋርማሲ መምህርት ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «በአንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ መምህርት ነኝ፤ ማስተርሴን የሠራሁት በሜዲሲናል ኬሚስትሪ ነው። ዕድሜዬ 32 ደርሷል። ለፒኤችዲ ተቀባይነት አግኝቼ ሳለ ገርትሩድ ኤልየን የምትባል ኬሚስት ያለ ፒኤችዲ የኖቤል ሽልማት እንዳገኘች አነበብኩና ሐሳቤ ለሁለት ተከፈለ። እስካሁን 8 ጽሑፎች አሳትሜያለሁ፤ ሁሉም አንድ ውህድ ከፕሮቲን ጋር እንዴት እንደሚያያዝ በኮምፒውተር ብቻ የሚገምቱ የዶኪንግ ጥናቶች ናቸው፤ ኤች ኢንዴክሴ (ጽሑፎቼ ምን ያህል እንደተጠቀሱ የሚለካው ቁጥር) 4 ነው። አንድ ጆርናል ደግሞ ከከፈልሽ በአንድ ሳምንት አትምልሻለሁ ብሎ ኢሜይል ልኮልኛል። በዘርፉ ሥራው የሚጠቀስ ተመራማሪ ለመሆን ፒኤችዲው ይሻለኛል ወይስ ጽሑፍ ማብዛቱ?»

ፒኤችዲውን ይጀምሩ። በሳምንት አትማለሁ ለሚለው ጆርናል አይክፈሉ። ዘጠነኛውን የዶኪንግ ጽሑፍም ለጊዜው ይተዉት። ምክንያቱ ግልጽ የሚሆነው የኤልየን ታሪክ ሙሉ ሆኖ ሲነገር ነው፤ እርስዎ ያነበቡት ተቆርጦ የቀረበውን ነውና። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኤልየን ፒኤችዲ አያስፈልገኝም ብላ አልተወችም። በሩ ተዘግቶባት ነው። በ1918 ኒው ዮርክ ተወለደች፤ በ15 ዓመቷ አያቷ በጨጓራ ካንሰር ሲሞቱ አየችና ለዚህ በሽታ መድኃኒት መፈለግ አለብኝ ብላ ኬሚስትሪን መረጠች። ሐንተር ኮሌጅ ክፍያ ስለማይጠይቅ እዚያ ተማረችና በ1937 በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቀች። ከዚያ ለ15 ዩኒቨርሲቲዎች የድኅረ ምረቃ ድጋፍ ብታመለክት አንዱም አልሰጣትም። ያለ ደመወዝ የላቦራቶሪ ረዳት ሆነች፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እያስተማረች በማታና በቅዳሜ በእሑድ የማስተርስ ሙከራዋን ሠራችና በ1941 ጨረሰች። የዓለም ጦርነቱ ወንዶቹን ሲወስድ ላቦራቶሪዎች ለሴቶች መከፈት ጀመሩ፤ የሷ የመጀመሪያ ሥራ ግን ለአንድ የምግብ ድርጅት በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ኪያር አሲድ መለካትና ማዮኔዝ ውስጥ የሚገባውን የእንቁላል አስኳል ቀለም መመርመር ነበር። በ1944 ቡሮውዝ ዌልካም በተባለው የመድኃኒት ኩባንያ ውስጥ የጆርጅ ሂቺንግስ ረዳት ሆና ተቀጠረች። እዚያ እየሠራች በብሩክሊን ፖሊቴክኒክ የፒኤችዲ ትምህርት በትርፍ ጊዜ ጀምራ ነበር፤ ከተወሰኑ ዓመታት በኋላ ሥራሽን ለቀሽ ሙሉ ጊዜ ካልተማርሽ አትቀጥይም ተባለች። ሥራዋን መረጠች።

እንግዲህ ልዩነቱን ያስተውሉ። ኤልየን የመረጠችው ሥራ ራሱ ከብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የተሻለ የሥልጠና ቦታ ነበር። ውህዱን ራሷ ትሠራለች፣ በባክቴሪያ ላይ ትሞክረዋለች፣ ቢሠራ ለምን እንደሠራ ኢንዛይሙን ታጠናለች፣ ከሆስፒታል ደግሞ ታካሚው ምን እንደሆነ ይነገራታል። ሂቺንግስም ከኬሚስትሪ ወደ ባዮኬሚስትሪ፣ ከዚያም ወደ ፋርማኮሎጂ፣ ኢሚዩኖሎጂና ቫይሮሎጂ ጥያቄዋን ተከትላ እንድትሄድ አልከለከላትም። እርስዎ ፒኤችዲውን ቢተዉት የሚመለሱት ወደ እንደዚህ ዓይነት ላቦራቶሪ አይደለም። በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚያስተምሩ፣ አንድ ሬኤጀንት (የሙከራ ኬሚካል) ከታዘዘ በኋላ ስንት ወር እንደሚቆይ ከኔ በላይ ያውቁታል። ከሷ የሚወሰደው ትምህርት የዲግሪው መቅረት ሳይሆን አንድን ጥያቄ ይዛ ለ39 ዓመታት አለመልቀቋ ነው።

ጥያቄው ይሄ ነበር፦ ሕዋስ ሊባዛ ሲል ዲኤንኤውን መቅዳት አለበት፤ ለዚህ ደግሞ ፑሪንና ፒሪሚዲን የሚባሉ ግብዓቶች ያስፈልጉታል። እውነተኛውን የሚመስል ነገር ግን የማያገለግል ፑሪን ብንሰጠውስ? ይህ የታሰበው የዲኤንኤ ቅርጽ በ1953 ከመታወቁ በፊት ነው። በጊዜው መድኃኒት የሚፈለገው ያገኙትን ውህድ ሁሉ በመሞከር ነበር። እነሱ ግን ከሕዋሱ አሠራር ተነሡ። በ1951 ከ100 በላይ ፑሪኖችን ሠርተው ላክቶባሲለስ ኬዚ በተባለ ባክቴሪያ ላይ ፈትነው ነበር።

ከነዚያ መካከል አንዱን እስቲ ወረቀት ላይ ይሳሉት። ሃይፖዛንቲን የሚባለውን ፑሪን ይውሰዱ፤ ሁለት የተጣበቁ ቀለበቶች፣ አራት ናይትሮጂን፣ በስድስተኛው ቦታ ላይ አንድ ኦክስጅን። ያንን ኦክስጅን አውጥተው በቦታው ሰልፈር ያስገቡ። ሌላው ሁሉ እንዳለ ነው። ሰልፈር በፔሪዮዲክ ሠንጠረዡ ከኦክስጅን ሥር የተቀመጠ፣ ጠባዩ የሚቀርብ፣ መጠኑ ግን ገዘፍ ያለ ነው። ሕዋሱ በመልኩ ተታሎ ይቀበለዋል፤ ወደ ሥራ ሲያስገባው ግን የፑሪን ምርቱ ይደናቀፋል። ይህ 6-መርካፕቶፑሪን ነው። በጊዜው ሉኪሚያ (የደም ካንሰር) የያዛቸው ሕፃናት በአማካይ ከሦስትና ከአራት ወር በላይ አይኖሩም ነበር፤ መድኃኒቱ ሲጨመር አጋማሹ የመኖር ጊዜ ወደ 12 ወር ደረሰ። ፈቃድ ያገኘው በ1953 ነው። ብዙዎቹ ሕፃናት ግን ተሽሏቸው ከቆዩ በኋላ በሽታው ተመልሶባቸው ሞቱ። ኤልየን ያንን ለብዙ ዓመታት በሐዘን ስታወራው ኖራለች። የቀጣዩን ሥራዋን አቅጣጫ የወሰነውም ይህ ነው፦ መድኃኒቱ ለምን አይበቃም? ሰውነት ውስጥ ምን እየሆነ ነው የሚጠፋው?

ስትከታተለው ዛንቲን ኦክሲዴዝ የተባለ ኢንዛይም እየሰባበረው መሆኑ ታወቀ። ኢንዛይሙን የሚያግድ ውህድ ፈለጉ፤ አሎፑሪኖልን አገኙ። እሱም ያው የሃይፖዛንቲን አምሳያ ነው፤ በትንሹ ቀለበት ላይ አንድ ናይትሮጂንና አንድ ካርቦን ቦታ ተለዋውጠዋል። በታካሚዎች ላይ ሲታይ ሪህን የሚያመጣውን የዩሪክ አሲድ መጠን አወረደ፤ ዩሪክ አሲድን የሚያመርተው ያው ኢንዛይም ነውና። የካንሰር መድኃኒት ለመጠበቅ የተሠራው ውህድ በ1966 የሪህ መድኃኒት ሆኖ ጸደቀ። ዛሬ ማንኛውም የከተማ ፋርማሲ መደርደሪያ ላይ ያገኙታል። (መምህርት ስለሆኑ አንድ ነገር ልጨምር፤ ተማሪዎችዎ ከዚህ ታሪክ ጋር ቢይዙት አይረሱትም። አሎፑሪኖል የሚወስድ ሰው መርካፕቶፑሪን ወይም አዛታዮፕሪን ከታዘዘለት መጠኑ ወደ ሩብ ወይም ሲሶ ካልተቀነሰ መቅኔው ክፉኛ ይጎዳል። ምክንያቱ ከላይ ያለው ኢንዛይም ነው።)

አዛታዮፕሪንም የዚያው ቤተሰብ ነው። መርካፕቶፑሪን የሰውነትን የመከላከል ምላሽ እንደሚያዳክም ሌሎች ተመራማሪዎች በጥንቸል ላይ ካሳዩ በኋላ፣ ሮይ ካን የተባለው እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም ኩላሊት በተተከለላቸው ውሾች ላይ ሞከረው፤ ከዚያ አዛታዮፕሪን መጣና በ1960ዎቹ ዝምድና ከሌለው ሰው የተወሰደ ኩላሊት መተከል ቻለ። ቀጥሎ የቫይረስ መድኃኒቱ አሲክሎቪር ነው። ውህዱን የሠሩት ባልደረቦቿ ናቸው፤ እንዴት እንደሚሠራ የገለጸው ግን የሷ ቡድን ነው፦ መድኃኒቱ የሚነቃው የኸርፒስ ቫይረስ ራሱ በሚያመጣው ኢንዛይም ስለሆነ ጤነኛውን ሕዋስ ብዙም አይነካም። እኛ አገር አልማዝ ባለጭራ ለያዘው ሰው የሚታዘዘው ይኸው ነው። ኤልየን በ1983 ጡረታ ወጣች፤ ከሁለት ዓመት በኋላ እሷ ባደራጀችው ክፍል የሠለጠኑ ሰዎች ኤዚቲ የተባለውን መድኃኒት ለኤችአይቪ አወጡ። በኢትዮጵያ ዚዶቩዲን በሚለው ስሙ ስንት ሰው እንደወሰደው ያውቃሉ። ኖቤሉ የመጣው በ1988 ከሂቺንግስና ከጄምስ ብላክ ጋር ነው።

ዕድሜዬ 32 ነው ብለዋል። መርካፕቶፑሪን ሲሠራ ኤልየን 33 ዓመቷ ነበር፤ አሲክሎቪር በ1982 ሲጸድቅ 64። በዚህ ላይ ሌላ ቃል አያስፈልግም።

አሁን ወደ ኤች ኢንዴክስዎ ልምጣ። ይህን መለኪያ በ2005 ያቀረበው ሆርሄ ሂርሽ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ ነው። የእርስዎ 4 ነው ሲባል ቢያንስ 4 ጽሑፎች እያንዳንዳቸው 4 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ተጠቅሰዋል ማለት ነው፤ ከዚህ የዘለለ ትርጉም የለውም። ሦስት ጽሑፎች ብቻ ያሉት፣ እያንዳንዱም ሁለት ሺህ ጊዜ የተጠቀሰለት ሰው ኢንዴክሱ 3 ነው። ሃያ ጽሑፍ ጽፎ እያንዳንዱ ሃያ ጊዜ የተጠቀሰለት ደግሞ 20። መለኪያው ሁለተኛውን ያስበልጣል። ራስን በራስ መጥቀስ ያሳድገዋል፤ ዕድሜ በገፋ ቁጥር ይጨምራል እንጂ አይቀንስም፤ ፓተንትን አይቆጥርም። ኤልየን በ45 ፓተንቶች ላይ ስሟ አለ፤ አንዱም በኤች ኢንዴክስ አይታይም። ለማዕረግ ዕድገት ኮሚቴ ቁጥሩ እንደሚያስፈልግዎ አውቃለሁ፤ ያንን ቅጽ መሙላት ግዴታ ነው። የምርምር ጥያቄዎን ግን በዚያ ቁጥር አይምረጡ።

ብዙ መጠቀስ ራሱ ሁልጊዜ አንድ ነገር አይናገርም። በየቤቱ ወጥ ውስጥ የምንጨምረውን እርድ ይውሰዱ። ቢጫ ያደረገው ኩርኩሚን በሺዎች የሚቆጠሩ ጽሑፎች ተጽፈውበታል፤ ለካንሰር፣ ለመርሳት በሽታ፣ ለስኳር ይሠራል ተብሏል። እስካሁን ግን በመድኃኒትነት የጸደቀ አይደለም። ውህዱ በራሱ ቀለምና በሚፈጥረው ኬሚካላዊ ግንኙነት ብዙ የላቦራቶሪ ፈተናዎችን ያሳስታል፤ ከዚያም በላይ በውሃ ውስጥ ቶሎ ይበላሻል፣ ከአንጀት ወደ ደም የሚገባውም እጅግ ጥቂት ነው። ሜዲሲናል ኬሚስቶች ይህን ጠባይ ካላቸው ውህዶች እንድንጠነቀቅ የሚያስጠነቅቁ ዝርዝሮች አሏቸው። ከአገር በቀል ዕፅዋት የሚወጡ ኪኖንና ካቴኮል የሚባሉ ብዙ ውህዶች በዚያው ዝርዝር ውስጥ ይወድቃሉ፤ እርስዎም ወደ ዕፅዋት ከሄዱ ይህን አስቀድመው ይመልከቱ።

በሌላ በኩል ክሪስቶፈር ሊፒንስኪ የፋይዘር ባልደረባ ሆኖ በ1997 ያወጣውን ጽሑፍ ይመልከቱ። በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት የሞለኪውል ክብደቱ ከ500፣ የስብ ዝንባሌው ማለትም ሎግ ፒ ከ5፣ የሃይድሮጂን ቦንድ ሰጪዎቹ ከ5፣ ተቀባዮቹ ከ10 ባይበልጡ ይመረጣል የሚል ነው። እርስዎም በዶኪንግ ጽሑፎችዎ ውስጥ ሳይጠቀሙበት አልቀሩም። ለምን ይህን ያህል ተጠቀሰ? ሌላው ኬሚስት ነገ ጠዋት ላቦራቶሪ ሲገባ የትኛውን ውህድ ልሥራ፣ የትኛውን ልተው ለሚለው ጥያቄ የሚያገለግለው ስለሆነ ነው። ቻይናዊቷ ተመራማሪ ቱ ዩዩም እንደዚሁ። ፒኤችዲ የላትም። በ1967 በተጀመረው የቻይና የወባ ፕሮጀክት ውስጥ አርጤሚሲኒን የተባለውን የወባ መድኃኒት ከዕፅ በዝቅተኛ ሙቀት በኤተር አውጥታ አሳየች፤ በ1977 የወጣው ጽሑፍ ላይ የግለሰብ ስም እንኳ አልነበረም። ኢትዮጵያ ከ2004 ጀምሮ ለፋልሲፓረም ወባ በመጀመሪያ ደረጃ የምትሰጠው ኮአርተም ከዚያ የመጣ ነው። ኖቤሉ በ2015 ደረሰ። የኔ መለኪያ ይህ ነው፦ ሥራዎን ያነበበ ሰው ቀጣዩን ሙከራውን በዚያ ላይ ተመሥርቶ መሥራት ይችላል ወይ?

በዚህ መለኪያ ዶኪንግ ብቻውን አይበቃም። ውህዱ ከፕሮቲኑ ጋር ምን ያህል አጥብቆ እንደሚያያዝ የሚሰጥዎት ቁጥር፣ ለምሳሌ ከዜሮ በታች 9.2 ኪሎ ካሎሪ በሞል፣ ግምት ነው። ፕሮግራሙ ፕሮቲኑን ብዙውን ጊዜ እንደማይንቀሳቀስ ግዑዝ ነገር ይይዘዋል፤ ውህዱ በሚያያዝበት ቦታ ያሉትን የውሃ ሞለኪውሎች በአብዛኛው ይጥላቸዋል፤ ውህዱ የሕዋሱን ሽፋን አልፎ ይገባ እንደሆነ፣ ጉበት ውስጥ ይፈርስ እንደሆነ ጨርሶ አያውቅም። ከሌላ ውህድ በ0.4 ይበልጣል ብሎ መደምደም አይቻልም። ዶኪንግ የሚጠቅመው የትኞቹን አሥር ውህዶች እንሥራና እንፈትን የሚለውን ለመወሰን ነው። እኔም በጀማሪነቴ ሦስት እንዲህ ዓይነት ጽሑፎች አውጥቻለሁ። የጠቀሷቸው ሁሉ ማለት ይቻላል ሌላ ዶኪንግ የሚጽፉ ሰዎች ናቸው፤ ውህዶቹን ሠርቶ የፈተነ አንድም ሰው አላየሁም። ያ ጊዜ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለ ጆርናሉ። ክፍያ የሚጠይቅ ሁሉ አጭበርባሪ ነው የሚል የተሳሳተ አስተሳሰብም አለ። አይደለም፤ ብዙ የታወቁ ክፍት ጆርናሎች ያስከፍላሉ፤ ነገር ግን እንደ ኢትዮጵያ ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው አገሮች ለሚመጣ ጸሐፊ ብዙዎቹ ክፍያውን ያነሣሉ፤ ይህን ሳይጠይቁ በፍጹም አይክፈሉ። የሚያጋልጠው አንድ ሳምንቱ ነው። በሜዲሲናል ኬሚስትሪ ገምጋሚው የእያንዳንዱን ውህድ ኤንኤምአር (የሞለኪውሉን መዋቅር የሚያሳይ የመሣሪያ ውጤት) ይከፍታል፣ ንጽሕናውን ያያል። ጆርናል ኦፍ ሜዲሲናል ኬሚስትሪ የሚፈተን ውህድ ቢያንስ 95 በመቶ ንጹሕ እንዲሆን ይጠይቃል። ይህን ሁሉ የሚያይ ሰው አግኝቶ፣ አስተያየት ሰብስቦ፣ እርምት ጠይቆ በሰባት ቀን ማተም አይቻልም። እዚያ ያሳተሙት ጽሑፍ ከስምዎ ጋር ለዘላለም ይኖራል፤ የሚቀጥለው የምርምር ድጋፍ ገምጋሚም ያየዋል።

ፒኤችዲውን በተመለከተ ምርጫዎ ሦስት ነው። ሙሉ በሙሉ በአገር ውስጥ መሥራት ከቤተሰብ አያርቅም፤ ነገር ግን የመሣሪያና የኬሚካል እጥረቱ በቀጥታ እርስዎን ያገኝዎታል፤ ኤንኤምአር ወረፋ ላይ ወራት ይሄዳሉ። ሙሉ በሙሉ ውጭ መሄድ መሣሪያውን ይሰጥዎታል፤ ብዙ ጊዜ ግን የሌላ ሰው ጥያቄ ላይ ይሠራሉ፤ ሲመለሱም ርዕሱ አብሮዎት አይመለስም። ሦስተኛው ሳንድዊች የምንለው ነው፤ ምዝገባው እዚህ፣ ጥቂት ወራት ደግሞ ውጭ ላቦራቶሪ። ሁኔታዎን ሳየው ይህንን አጥብቄ እመክራለሁ፤ ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለ። ከመመዝገብዎ በፊት የሚሠሯቸውን ውህዶች የሚፈትነው ማን እንደሆነ በጽሑፍ ይያዙት። «ወደፊት ተባባሪ እናገኛለን» የሚል አማካሪ ቅን ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ስንት ጥሩ ተማሪ ጠርሙስ ሙሉ ውህድ ሠርቶ ፈታኝ አጥቶ ሲቀር አይቻለሁ።

የሚሠሩበት በሽታ ናሙናውና ሐኪሙ እዚሁ ያለ ቢሆን ይጠቅምዎታል። ለምሳሌ በሁመራና በመተማ በኩል የሚታየው፣ ሊሽማኒያ የተባለ ተሕዋስ የሚያመጣው ካላ አዛር። የሚገርመው የኤልየን አሎፑሪኖል እዚህም ይገባል፤ የሊሽማኒያ ተሕዋስ እንደ ራሱ ፑሪን አድርጎ ስለሚወስደው ይጎዳዋል፤ በውሾች ሊሽማኒያሲስ ሕክምና ያገለግላል። ለሰው ብቻውን አልበቃም። ተሕዋሱ ፑሪንን ራሱ መሥራት አይችልም፣ ከኛ ሰርቆ ይኖራል፤ በዚህ መንገድ ገና ብዙ የሚሠራ ኬሚስትሪ አለ።

ከዕፅዋት ከጀመሩ ደግሞ ስለ እንዶድ ያስቡ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ከታች በኩል ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ፤ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉት እነሱ ናቸው። እሱ የተሕዋስ አጥኚ እንጂ ኬሚስት አልነበረም፤ ንጥረ ነገሩ አሜሪካ ውስጥ ተለይቶ በሱ ስም ለማቶክሲን ተባለ። ምልከታው ከኛ፣ ሞለኪውሉ ከውጭ ሆነ። እርስዎ ሞለኪውሉንም እዚሁ የሚይዝ ሰው እንዲሆኑ እፈልጋለሁ። ቅጠልም ሆነ ሥር ወደ ውጭ ከመላክዎ በፊት በአዋጅ ቁጥር 482/1998 (ይህ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) መሠረት ከኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ይጠይቁ። በሻንጣ ይዞ መሄድ ወንጀል ነው፤ በዚያ ናሙና የተሠራ ጽሑፍም የሚያሳትምለት ሊያጣ ይችላል።

በዚህ ሳምንት የሚያደርጉት ይህ ነው። ለጆርናሉ አይመልሱ። ከስምንቱ ጽሑፎችዎ ውስጥ ለመሥራት ቀላል የሆኑ አምስት ውህዶች ይምረጡ፤ ከሦስትና ከአራት እርምጃ በላይ የማይጠይቁ፣ መነሻ ኬሚካላቸው በክፍልዎ መጋዘን የሚገኝ። ዝርዝሩን ለአማካሪዎ ይውሰዱና «እነዚህን ብሠራ ማን ይፈትናቸዋል?» ብለው ይጠይቁ። ስም ከጠሩልዎት ይመዝገቡ። ካልጠሩልዎት ፒኤችዲውን አይተዉ፣ አማካሪ ይቀይሩ።